ከሀ ሁ ልጀምር ወይስ ለፈተናው ልቀመጥ?

«ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ። እኔም ነርስ ነኝ፤ ነበርኩ ልበል መሰለኝ። በ2009 ዓ.ም. ከአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በነርሲንግ በዲግሪ ተመረቅኩ። ድንገተኛ ክፍል ስድስት ዓመት ሠራሁ። ዲቪ ደርሶኝ ሜሪላንድ ከገባሁ ሁለት ዓመት ተኩል ሆነኝ። አሁን አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ጂኤንኤ፣ ማለትም የነርስ ረዳት ሆኜ ሌሊት ሌሊት እሠራለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ አንድ ሽማግሌ ልቀይራቸው ስገባ ፒጃማቸው በላብ ርሷል። ሳናግራቸው ይቀባጥራሉ። ስኳር አለባቸው። ለአርኤኗ፣ ላይሰንስ ላላት ዋና ነርስ ‹ስኳራቸው ሳይወርድ አይቀርም፣ ብትለኪላቸው› አልኳት። ‹አንሶላውን ቀይሪና ነይ› አለችኝ። ቆሜ ቀረሁ። ጠዋት ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ባለቤቴ ‹ኤልፒኤን ግቢና ከሀ ሁ ጀምሪ› ይለኛል፤ ከአርኤን ዝቅ ያለው የነርስ ደረጃ ነው። ጓደኛዬ ‹በቀጥታ የላይሰንሱን ፈተና፣ ኤንክሌክስን ተፈተኚ› ትለኛለች። ቤተ ክርስቲያን የተዋወቅኩት አንድ ሰው ደግሞ 6 ሺህ ዶላር ከከፈልኩ ሳልፈተን ላይሰንስ እንደሚያወጣልኝ ነግሮኛል። ከተመረቅኩ ቆየሁ፤ ሁሉንም ረስቼዋለሁ። እንግሊዝኛዬም ያው ነው። የአራት ዓመት ልጅ አለችኝ። ምን ይመክሩኛል?

ሌሊት ሠራተኛዋ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ»

ሲስተር፣

እኔም እንዲሁ ልጥራሽ። አገር ቤት ሳለሽ በኮሪደሩ ስታልፊ «ሲስተር፣ አንዴ» ሳይል የሚያሳልፍሽ አስታማሚ አልነበረም። እዚህ ከመጣሽ ወዲህ በዚህ ስም የጠራሽ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔንም አራት ዓመት ሙሉ ማንም አልጠራኝም። «ነበርኩ ልበል» ያልሽው ላይ ስደርስ ደብዳቤውን አስቀምጬ ቡና አፈላሁ።

ከገንዘቡ እንጀምር፤ እሱ ቶሎ ያልቃል። 6 ሺውን እንዳትከፍዪ። ቀብድም እንዳትሰጪ። በዚህ አገር አዲስ ነርስ ሳይፈተን የሚያገኘው የአርኤን ላይሰንስ የለም። ሰውዬው ወይ ገንዘብሽን ይዞ ይጠፋል፣ ወይ የውሸት ወረቀት ያመጣልሻል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል። በጃንዋሪ 2023 «ኦፐሬሽን ናይቲንጌል» የተባለው ጉዳይ ሲወጣ ፍሎሪዳ ውስጥ ያሉ ሦስት የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ የሐሰት ዲፕሎማ መሸጣቸው ተሰማ። አንዱ ከ10 እስከ 15 ሺህ ዶላር ነበር የሚሸጠው። 25 ሰዎች ተከሰሱ። ከገዙት ውስጥ 2,400 ያህሉ ፈተናውን ተቀምጠው አልፈዋል። ከዚያ ላይሰንስ የሚሰጠው የየስቴቱ የነርሶች ቦርድ አንድ በአንድ እየለቀመ ላይሰንሳቸውን ይነጥቅ ጀመር። ልብ በዪ፤ ፈተናውን አልፈውም አልዳኑም። አንቺ እውነተኛ ዲግሪ ይዘሽ የውሸቱን ምን ልታደርጊው ነው? በዚያ ላይ ገና ዜግነት ትጠይቂያለሽ። ለመንግሥት ቦርድ የሰጠሽው የውሸት ሰነድ ያን ቀን ፋይልሽ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል።

ቤተ ክርስቲያን መተዋወቃችሁ ደግሞ ዋስትና አይሁንሽ። አጭበርባሪም ያስቀድሳል።

ባለቤትሽ ክፉ አልመከረሽም። ኤልፒኤን ገብተው፣ ከዚያ ወደ አርኤን ተሻግረው፣ ዛሬ ቤት ገዝተው የሚኖሩ ብዙ አውቃለሁ። ግን የአራት ዓመት ዲግሪ ማንም ሳይመዝነው አይጣልም። መጀመሪያ ይመዘን። ቦርዱ ከውጭ ተምራ ከመጣች ነርስ የሚፈልገው ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ ትምህርትሽ ኮርስ በኮርስ ይመረመርና ከአሜሪካው ጋር ይመጣጠናል ወይስ አይመጣጠንም ይባላል። በዚህ ሥራ ትልቁና የቆየው ድርጅት በ1977 የተቋቋመው፣ መቀመጫው ፊላደልፊያ የሆነው ሲጂኤፍኤንኤስ ነው። በቅርቡ ስሙን ትሩሜሪት ብሎ ቀይሯል፤ አበሻው ግን አሁንም በድሮ ስሙ ነው የሚጠራው። ከመክፈልሽ በፊት የሜሪላንድ የነርሶች ቦርድ የትኛውን መርማሪ፣ የትኛውን ዓይነት ሪፖርት እንደሚቀበል ከራሱ ከቦርዱ ድረ ገጽ አንብቢ። የእኔን ዓምድ አትመኚ፣ የጓደኛሽንም አትመኚ። ደንቡ ይቀያየራል።

የሚመረምሩት በሰዓት ነው። የውስጥ ደዌ ስንት ሰዓት ተማርሽ? ቀዶ ሕክምና? እናቶችና ጨቅላ? ሕፃናት? የአእምሮ ሕክምና? በክፍል ውስጥ ስንት፣ ዋርድ ላይ ስንት? ጎደለ ከተባለ ምን እንደጎደለ ታውቂያለሽ፤ የጎደለውን ብቻ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብተሽ መሙላት ይቻል እንደሆነ ቦርዱን ትጠይቂያለሽ። ከባለቤትሽ ጋር ስለ ኤልፒኤን የምትነጋገሩት ያኔ ነው፤ ሪፖርቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ።

እግረ መንገዴን፦ ቪዛስክሪን የሚባል ነገር አለ። በሥራ ቪዛ ለሚመጡ ነርሶች ነው። አንቺ በዲቪ ገብተሽ ግሪን ካርድ ይዘሻል፤ አያስፈልግሽም። ካላወጣሽ የሚልሽ ካለ ወይ አያውቅም ወይ ኮሚሽን አለው።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። ሰዎች ፈተናውን ነው የሚፈሩት። እኔ ሰው ሲወድቅ ያየሁት ከፈተናው በፊት፣ ወረቀቱ ላይ ነው።

ስምሽን ተመልከቺ። ዛሬ ማታ ሥራ ከመግባትሽ በፊት ፓስፖርትሽን፣ ግሪን ካርድሽን፣ ዲግሪሽን፣ ትራንስክሪፕትሽን፣ የአገር ቤት ላይሰንስሽን አልጋ ላይ ደርድሪና ስምሽን ፊደል በፊደል አስተያዪ። አንዲት የማውቃት ልጅ የአባቷ ስም ወልደማርያም ነው። ትራንስክሪፕቷ ላይ በእኛ ወግ ባጭሩ፣ ደብሊው ተጽፎ፣ እዝባር ተደርጎ፣ ማርያም ተብሏል። ፓስፖርቷ ላይ ሙሉው አለ። ለእኔና ለአንቺ አንድ ሰው ናት። ፊላደልፊያ ለተቀመጠው ሠራተኛ ሁለት ሰው ናት። አምስት ወር ነው የፈጀባት። የአያት ስም አንዱ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ ሲጠፋም ያው ነው። በፈተናው ቀን ደግሞ የተመዘገብሽበት ስምና የያዝሽው መታወቂያ ካልገጠመ በር ላይ ይመልሱሻል፤ የከፈልሽውም አይመለስም።

ቀጥሎ ዘመኑ። ዲግሪሽ ላይ 2009 ተብሎ፣ ላይሰንስሽ ላይ በፈረንጅ 2017 ተጽፎ ከሆነ፣ እዚህ ያለው ሰው «ተመርቃ ስምንት ዓመት የት ነበረች?» ይላል። እውነቴን ነው፤ ደርሶብኛል። ዩኒቨርሲቲሽ ሰነዱን ሲልክ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደተጻፈ በግልጽ እንዲያሰፍር አድርጊ። የልደት ቀንሽንም በዚያው እዪው።

ትራንስክሪፕቱን አንቺ መላክ አትችዪም። እህትሽም አትችልም። ትምህርት ቤቱ ራሱ አሽጎ፣ ማኅተሙን መትቶ፣ በቀጥታ ነው የሚልከው። እህትሽ ማድረግ የምትችለው ሬጅስትራሩ በር ላይ መቆም ነው። እሱም ቀላል ሥራ አይምሰልሽ። «ሲስተም የለም» ይሏታል። «ኃላፊው ስብሰባ ገብቷል» ይሏታል። «ኮስት ሼሪንግ ተከፍሏል?» ይሏታል፤ ይሄኛው ግን እውነተኛ ጥያቄ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለሆንሽ የወጪ መጋራቱ ካልተዘጋ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ሊያስቸግርሽ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ዋሽንግተን ኤምባሲያችን ሄደሽ ለምታምኚው ሰው ውክልና ስጪ። ውክልናው ላይ «የትምህርት ማስረጃ ለመጠየቅና ክፍያ ለመፈጸም» የሚል ቃል ይኑርበት። አገር ቤት ደርሶ እስኪረጋገጥ ጊዜ ይወስዳል። ሲታሸግ ተወካይሽ እዚያው ቆማ ትይ። የዲኤችኤሉን ቁጥር ፎቶ አንስታ ትላክልሽ።

የአገር ቤት ላይሰንስሽም መረጋገጥ አለበት። ያወጣሽበት አካል፣ ጤና ሚኒስቴር ይሁን የክልል ጤና ቢሮ፣ «ይህች ነርስ የተመዘገበች ናት፣ ምንም ክስ የለባትም» ብሎ እሱም በቀጥታ ይጽፋል። ሁለቱን ባንድ ጊዜ አስጀምሪ፤ አንዱ እስኪያልቅ ሌላውን አታስቀምጪ።

ሰነዱ በመንገድ ላይ ሳለ እንግሊዝኛውን ጨርሺ። «ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ነው የተማርኩት» ማለት ብቻውን አያድንሽም። ቦርዱ ከሚቀበላቸው የእንግሊዝኛ ፈተናዎች ውስጥ አንዱን ምረጪ። ኦኢቲ የሚባለው ካለበት እሱን እመክርሻለሁ፤ ለጤና ባለሙያ የተሠራ ነው። ስለ ዝሆንና ስለ አየር ብክለት አያስጽፍሽም። የሕመምተኛ ማስታወሻ ሰጥቶ ደብዳቤ ጻፊ ይልሻል፤ ስትናገሪም እንደ ነርስ ሆነሽ ነው የምትናገሪው። ሌሊት ሌሊት ከሽማግሌዎቹ ጋር የምታወሪው እንግሊዝኛ ከምታስቢው በላይ ይጠቅምሻል።

ሪፖርቱ ለቦርዱ ሲደርስ ታመለክቻለሽ፣ የጣት አሻራ ትሰጫለሽ፣ ፈተናውን ለሚሰጠው ድርጅት ለፒርሰን ቪው 200 ዶላር ከፍለሽ ትመዘገቢያለሽ። ቦርዱ ብቁ ናት ሲል ኤቲቲ የሚባለው የፈተና ፈቃድ በኢሜይል ይመጣል። የሚያበቃበት ቀን አለው። በዚያ ውስጥ ካልተፈተንሽ እንደገና 200 ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ሳያልቅ ለፈተናው ለመክፈል አትቸኩዪ።

እንግዲህ ፈተናው። በመጀመሪያ የኔን ልንገርሽ።

የመጀመሪያውን ጊዜ ወደቅኩ። ያኔ ፈተናው ቢያንስ 75 ጥያቄ ነበረው። አንድ ወፍራም መጽሐፍ ሦስት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አንብቤ ነበር የገባሁት። የልብ ድካሙን፣ የኩላሊቱን፣ ሁሉንም እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ይዤው ነበር። የጣለኝ ምን መሰለሽ? «አይዞሽ»።

ጥያቄው ይህን ይመስላል። ጡቷ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ የሆነ ሴት ታለቅሳለች። «ባሌ ከዚህ በኋላ አያየኝም» ትላለች። ነርሷ ምን ትበላት? አንደኛው ምርጫ «አይዞሽ፣ ሁሉም ደህና ይሆናል» ይላል። እኔ ዓይኔን ሳላሽ እሱን መታሁ። ምን ልበላት ታዲያ? እናቴ ያሳደገችኝ በዚህ ቃል ነው። ስድስት ዓመት ዋርድ የሠራሁት በዚህ ቃል ነው። ለኤንክሌክስ ግን ይህ ስህተት ነው። ደህና እንደሚሆን በምን አወቅሽ? ያላወቅሽውን ቃል ገባሽ፣ ሴትዮዋንም አፏን አዘጋሻት። ትክክሉ «ስለዚህ ነገር የሚያስፈራሽን ንገሪኝ» የሚለው ነው። እንድታወራ በሩን የሚከፍተው። አሁን ሳስበው ልክ ናቸው። ግን ማንም አልነገረኝም ነበር።

ሌላም አለ። እኛ ዘንድ ክፉ ዜና መጀመሪያ የሚነገረው ለልጁ ወይም ለወንድሙ ነው። ሕመምተኛው መጨረሻ ይሰማል፣ አንዳንዴም ሳይሰማ ይሄዳል። እዚህ የሕመምተኛው ምሥጢር የራሱ ነው። ልጁ ስልክ ደውሎ ቢጠይቅሽ ያለ ሕመምተኛው ፈቃድ አትነግሪውም። ሕመምተኛው እንግሊዝኛ ካልቻለ ልጁ አያስተረጉምለትም፤ የሠለጠነ አስተርጓሚ ትጠሪያለሽ። አገር ቤት ጤና ጣቢያ የሠራች ነርስ ደግሞ መርምራ መድኃኒት ታዛለች። እዚህ ጥያቄው ራስሽ ልታደርጊው የምትችዪው የቱ ነው፣ ለሐኪሙ የምትደውዪው መቼ ነው፣ ለኤልፒኤን የምትሰጪው የቱን ነው፣ ለረዳቷ የምትተዪው የቱን ነው ይላል። ይህ ከፈተናው ትልቁን ድርሻ የሚይዝ ክፍል ነው። እና አንቺ አሁን ያለሽው ከዚያ መሰላል ታች ስለሆነ፣ ሥራው እንዴት እንደሚከፋፈል በየሌሊቱ በዓይንሽ ታያለሽ። አሜሪካ ገብተው የማያውቁ ነርሶች ይህን ከመጽሐፍ ነው የሚማሩት።

ቅደም ተከተሉን እንይ። አራት ሕመምተኛ አለሽ፣ ማንን ቀድመሽ ታያለሽ? አንዱ ትናንት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሕመሜ ከአሥር ሰባት ነው እያለ ይጮኻል። ሁለተኛዋ ስኳሯ 250 ነው። ሦስተኛው የቆየ የሳንባ በሽታ ያለበት፣ ኦክስጅኑ 90 ነው። አራተኛዋ ዛሬ ጠዋት እንቅርቷ የወጣላት፣ ዝም ብላ የተኛች፣ ግን ስትተነፍስ ሲር ሲር የሚል ድምፅ የጀመራት። ሲደክምሽ የሚጮኸው ጋ ነው የምትሮጪው። 90 የሚለውም ያስደነግጣል፤ ግን ለዚያ ሰውዬ 90 የሁልጊዜው ነው። ስኳሯም እስከ ትንሽ ጊዜ ትጠብቃለች። እንቅርቷ የወጣላት ሴት ጉሮሮዋ እየተዘጋ ነው፤ አትጠብቅም። ድንገተኛ ክፍል ስድስት ዓመት የሠራ ሰው ይህን አይስተውም። አንቺ «ረስቼዋለሁ» የምትዪው የመጽሐፉን ቃል ነው። ይሄን አልረሳሽም።

የመድኃኒት ስሞቹን ግን እንደገና ተማሪ። የእኛ ፓራሲታሞል እዚህ አሴታሚኖፌን ነው። ሳልቡታሞል አልቡተሮል ይባላል። አድረናሊን ኤፒነፍሪን ነው። ፔቲዲን ሜፔሪዲን ነው። ሞኝ ነገር ይመስላል፤ ግን የምታውቂውን መድኃኒት በማታውቂው ስም መሳት ያንገበግባል። ፈተናው የሚጠቀመው በመድኃኒቱ በራሱ፣ በጀነሪክ ስሙ ነው እንጂ ፋብሪካው ባወጣለት ስም አይደለም። ወባውንና ክዋሺዮርኮሩን፣ የሕፃናቱን የምግብ እጥረት ለጊዜው አስቀምጪው። ጊዜሽን ለልብ፣ ለኩላሊት፣ ለስኳርና ለአእምሮ ሕመም ስጪ።

ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ፈተናው ተቀይሯል። አሁን ዝቅተኛው 85፣ ከፍተኛው 150 ጥያቄ ነው። አምስት ሰዓት አለሽ። ከ85ቱ 15ቱ አይቆጠሩም፤ ለወደፊት ፈተና የሚሞከሩ ናቸው፤ የትኞቹ እንደሆኑ ግን አይነግሩሽም። ኮምፒዩተሩ እንደ አመላለስሽ ይከተልሻል። ስትመልሺ ያከብደዋል፣ ስትስቺ ያቀለዋል። ስለዚህ እየከበደሽ ከሄደ አትደንግጪ፤ ደህና እየሄድሽ ይሆናል። ማለፍሽን ወይም መውደቅሽን በ95 ከመቶ ሲያምን ያቆማል። «85 ላይ ከቆመ አለፍሽ» የሚሉትን አትስሚ። 85 ላይ የወደቀም አለ፣ 150 ላይ ያለፈም አለ። ወደ ኋላ ተመልሰሽ የመለስሽውን መቀየር አይቻልም። ውጤት ብሎ ነገር የለም፤ አልፈሻል ወይም አላለፍሽም፣ በቃ።

አዲሱ ነገር የሕመምተኛ ታሪክ መኖሩ ነው። የሚቆጠሩ ሦስት ታሪኮች ይሰጡሻል፣ እያንዳንዳቸው ስድስት ጥያቄ አላቸው። ስድስቱ ሁሌ አንድ መንገድ ነው የሚሄዱት። ምን ምልክት አየሽ? ምን ማለት ነው? ከሁሉ የሚያሰጋው የቱ ነው? ምን ማድረግ ይቻላል? አሁን ምን ታደርጊያለሽ? ካደረግሽ በኋላ ተሻለው ወይ?

እስቲ የሽማግሌውን ሌሊት መልሰሽ አስቢው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት። ላብ፣ መቀባጠር፣ የስኳር ሕመም። ምልክቱን አየሽ። ስኳር ወርዷል አልሽ። ይለካ አልሽ። ከስድስቱ ሦስቱን አራቱን ያለ ላይሰንስ፣ ያለ መጽሐፍ፣ በእንቅልፍ ዓይንሽ መለስሽ። የሚቀርሽ አምስተኛው ላይ እነሱ የሚፈልጉትን ማወቅ ነው። አገር ቤት ቢሆን 40 ፐርሰንት ግሉኮሱን በደም ሥር ትሰጫቸው ነበር። እዚህ ሰውዬው ከነቁና መዋጥ ከቻሉ ግማሽ ኩባያ ጁስ ነው፤ ከዚያ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካል። ካልነቁ ወይም መዋጥ ካልቻሉ በአፍ ምንም የለም። መርፌው ያኔ ነው የሚመጣው።

አጠናኑ ላይ ብዙ አልልም። መጽሐፍ እንደ ልብ ወለድ ከማንበብ የጥያቄ ባንክ ገዝተሽ በየቀኑ 25 ጥያቄ ሥሪ። ከ25ቱ ይልቅ የሚጠቅምሽ ማብራሪያው ነው። የሳትሽውንም ያገኘሽውንም ማብራሪያ አንብቢ። ለብቻ አንድ ደብተር ያዢ፤ የሳትሽበትን ምክንያት በአማርኛ ጻፊበት። የኔ ደብተር «አይዞሽ አልኩ»፣ «የሚጮኸው ጋ ሮጥኩ»፣ «ሳልመረምር ደወልኩ» በሚል የተሞላ ነበር። ከአንድ ወር በኋላ የምትስቺባቸው አራት አምስት ነገሮች ብቻ እንደሆኑ ታያለሽ። ከሌሊት ሥራ በኋላ አታጥኚ። ቤት ገብተሽ ልጅሽን አዘጋጅተሽ ተኚ። ማጥኛሽ ከሰዓት በኋላና የዕረፍት ቀንሽ ነው፤ በዕረፍት ቀንሽ ልጅቷን ለባለቤትሽ ስጪው። ኤልፒኤን ግቢ ያለው እሱ አይደለም? ለዚያ ቢሆን ጊዜ ሊሰጥሽ ነበር። ለዚህም ይስጥሽ።

በቴሌግራም «የዚህ ሳምንት ጥያቄ ወጣ» እያሉ የሚሸጡትን አትግዢ። ጥያቄው ለሁሉም ሰው የተለያየ ነው፤ ምን ሊጠቅምሽ? ፈተናውን ስትጀምሪ ምሥጢሩን እንደማታወጪም ትፈርሚያለሽ።

ብትወድቂስ? ከ45 ቀን በኋላ እንደገና ትፈተኛለሽ። በምን በምን እንደደከምሽ የሚያሳይ ወረቀት ይልኩልሻል፤ እሱን ይዘሽ ታጠኛለሽ። እኔ ሁለተኛውን አለፍኩ። ላይሰንሱ ሲወጣልሽ ሜሪላንድ ከ40 በላይ ስቴቶች ያሉበት የነርሶች ስምምነት አባል ስለሆነች፣ መስፈርቱን ካሟላሽ በዚያው ላይሰንስ ቨርጂኒያም ተሻግረሽ መሥራት ትችያለሽ። ሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ደግሞ ከውጭ ሠልጥነው የመጡ የጤና ባለሙያዎችን ለመርዳት የተቋቋመ ዌልካም ባክ ሴንተር የሚባል አለ። ጠይቂያቸው። እኔ ስመጣ ማንም አልነገረኝም፤ ከሰማሁ በኋላም አፍሬ አልሄድኩም።

ዱባይና ሪያድ ሆናችሁ ለምታነቡኝ፦ የእናንተ ፈተና ፕሮሜትሪክ የሚባለው ድርጅት የሚያስፈትነው ነው፣ ወረቀታችሁን የሚያጣራው ዳታፍሎ ነው። ስለ ስምና ስለ ዘመን ያልኩት ግን እንዳለ ለእናንተም ይሠራል።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ ሲስተር። አርኤኗ አልሰማ ስትልሽ እዚያ አይቆምም። ሱፐርቫይዘር ይጠራል። የነገርሽበት ሰዓት፣ ለማን እንደነገርሽ፣ ምን እንዳየሽ ይጻፋል። ሰውዬው ካልነቁ ደግሞ ማንንም ሳትጠብቂ ኮዱን፣ የአስቸኳይ ነፍስ አድን ጥሪውን ትጠሪያለሽ። ጂኤንኤ መሆንሽ ይህን አይከለክልሽም። ያን ሌሊት ቆመሽ የቀረሽው ፈርተሽ እንደሆነ ይገባኛል፤ እኔም ቆሜ ቀርቼ አውቃለሁ።

ግን ሽማግሌው እንዴት ሆኑ? ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አልነገርሽኝም።